አልበሙ ለምን ጭጋግ ለበሰ? የቤት ውስጥ የትዝታ ደብተር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የመጀመሪያውን የትዝታ ደብተር የሠራሁት ለእናቴ ነበር። ክረምት ነው፣ ጎንደር ዝናቡ አላስወጣ ብሎናል፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ሳምንት ተጎልቻለሁ። የጥምቀት ፎቶ፣ የወንድሜ ሠርግ፣ የአክስቴ ልጅ ክርስትና፣ ሁሉንም በየገጹ ደረደርኩ። ጠርዙን በጥለት አስጌጥኩ። አሳትሜ፣ አስጠርዤ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አደረገች። አየች፣ አገላበጠች።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ደባርቅ ነው እንዴ የተነሳው? ጭጋጉ!» አለችኝ።

ሠርጉ የነበረው አዘዞ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ደብተር ሠርቻለሁ። የትዝታ ደብተር የምለው ፈረንጆቹ ስክራፕቡክ የሚሉትን ነው። ፎቶ፣ ጽሑፍ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ የአውቶቡስ ትኬት አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። ግማሹን በስልክ ወይም በኮምፒውተር እናቀናብራለን፣ ግማሹን በእጅ እንለጥፋለን፣ እንሰፋለን። ችግሩ የሚታየው ገጹ ላይ ነው። የሚጀምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት እርምጃ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ኮላውን ወይም ፎቶ ቤቱን ከመራገማችሁ በፊት ትንሽ ወደኋላ ሂዱ።

ስልክ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ሲታተም ብዥ አለ

ይሄ የእኔ ጭጋግ ነው። መነሻው ቴሌግራም ነበር። የሠርጉን ፎቶ ዘመድ ሁሉ ቤተሰብ ግሩፑ ላይ ለቀቀው፣ እኔም ከዚያው አወረድኩት። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ያሳንሰዋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል አካባቢ ይሆናል። ዋትሳፕና ፌስቡክም ያሳንሳሉ። ለስልክ ስክሪን ይበቃል፣ ለወረቀት ግን ሌላ ሒሳብ አለ።

ጥሩ የፎቶ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። በሴንቲ ሜትር ወደ 118 ማለት ነው። የፎቶውን ረጅም ጎን ለ118 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ፎቶው ሳይደበዝዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ድረስ መታተም እንደሚችል ይነግራችኋል። 1280 ሲካፈል 11 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። እኔ እሱን 30 ሴንቲ ሜትር ገጽ ላይ ለጥጬ አሳተምኩት! ባለ12 ሜጋፒክስል ስልክ የሚያነሳው 4000 በ3000 ፎቶ ግን 34 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ኤ4 ገጽ ያለ ችግር ይሸፍናል።

መፍትሄው ዋናውን ፎቶ ካነሳው ሰው መለመን ነው። «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉ። እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ አይነካም። ኔትወርክ ካስቸገረ በፍላሽ ተቀበሉ። ዋናው ከጠፋ ደግሞ ፎቶውን አሳንሳችሁ ተጠቀሙበት፤ 10 በ15 ላይ 1280ውም ቢሆን ብዙ አያሳፍርም። ለአንድ ገጽ አንድ ትልቅ ፎቶ ከማድረግ አራት ትንንሽ ደርድሩ። ፎቶ አጠራለሁ የሚለውን አፕ ግን እጠራጠረዋለሁ። የሌለውን ከየት ያምጣ? አንዱ የአክስቴን ፊት የማላውቃት ሴትዮ አድርጎ መልሶልኛል።

ነጩ ነጠላ አመድ መሰለ

ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያነሳችሁትን ፎቶ እስኪ አውጡት። ሁሉም ነጭ ለብሶ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ሕዝቡ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን የማምጣት ጠባይ አለው። ፊቱ ያለው ነገር በሙሉ ነጭ ሲሆንበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ስታነሱ ስክሪኑን ነካ አድርጉና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፏት። የተነሳ ከሆነ ኤዲት ስታደርጉ ብርሃኑን ጨምሩ። የነጠላው እጥፋት መታየት ሲያቆም አልፋችኋልና መለስ በሉ።

ነጠላውን ራሱን ለገጽ ጀርባ ብላችሁ በቅርብ ካነሳችሁት ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጨርቁ ላይ የሌለ ሞገድ ይታያል። የሽመናው ክርና የካሜራው ፒክስል ረድፍ ሲጋጩ የሚፈጠር ነው። ትንሽ ቀረብ ወይም ራቅ በሉ፣ ካልሆነም ስልኩን ዘወር አድርጉት።

የታተመው ከስክሪኑ ጠቆረ

ስክሪናችሁ ብርሃኑ እስከ ጣሪያ ተከፍቷል። ወረቀት ደግሞ ከውስጡ አያበራም። የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ ላይ አውርዳችሁ ኤዲት አድርጉ። ሃምሳ ገጽ ከማሳተማችሁ በፊት አንዲት ገጽ አሳትማችሁ መስኮት አጠገብ እዩዋት። እኔ ይህችን የአንድ ገጽ ዋጋ ሰስቼ ነው ሙሉ ደብተር የከሰርኩት።

ፎቶ ቤቱ የሰው ራስ ቆረጠ

ፎቶ ቤቱ ላይ አትፍረዱ። የስልክ ፎቶ ቅርጹ 4 ለ3 ነው፤ 10 በ15 ወረቀት ደግሞ 3 ለ2። ፎቶው 15 ሴንቲ ሜትሩን ሲሞላ በሌላው በኩል 11.25 ይሆናል። ወረቀቱ 10 ነውና 1.25ቱ ይቆረጣል። ያቺ 1.25 የምታርፈው የቄሱ ጃንጥላ ጫፍ ላይ ወይም የአባቴ ጫማ ላይ ነው። ራሳችሁ 3 ለ2 አድርጋችሁ ቁረጡና ውሰዱ፤ ቢያንስ የምትሰዉትን ትመርጣላችሁ። ወይም ነጭ ጠርዝ እንዲተውላችሁ ጠይቁ። ገጽ ስታቀናብሩ የጀርባውን ቀለም በየአቅጣጫው ከሚቆረጠው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት፤ ጽሑፉን ግን ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ

የመረጣችሁት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ጌጠኛ ሆነው የሚያማልሉት የእንግሊዝኛ ፎንቶች አብዛኛዎቹ የላቸውም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ ይወርዳሉ። ፒክስልላብ የሚባለውን የስልክ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ፎንቱን ከስልካችሁ ፎልደር መጨመር ትችላላችሁ።

ቤት ውስጥ ደህና የነበረው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ሳጥን ከሆነ ደግሞ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንታችሁ የለም ማለት ነው። ገጹን በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ መልክ አውጥታችሁ ውሰዱ። ትንንሽ ጽሑፍን ቦልድ አታድርጉ፤ «ማ»ና «ሟ» ይደባለቃሉ። «ጎንደር» ይሁን «ጐንደር» የሚለውን ክርክር ከአጎቶቻችሁ ጋር ጨርሱት፤ እኛ ቤት አላለቀም።

የመልአኩ ፊት ነጭ ሳጥን ይዞ መጣ

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያየ ሰው ከእነዚያ መላእክት አንዱን ገጹ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ያምረዋል። ፊቱን ቆርጣችሁ ጀርባውን አጥፍታችሁ ሴቭ አደረጋችሁ፤ ሌላ ገጽ ላይ ስታስገቡት በነጭ ሳጥን ተከቦ መጣ። ጄፔግ አድርጋችሁ ስላስቀመጣችሁት ነው። ጄፔግ ባዶ ጀርባ አያውቅም። ፒኤንጂ አድርጉት።

ቀኑ ተዘበራረቀ

ስልክ ፎቶን የሚሰይመው በፈረንጅ ቀን ነው። 20240120 የሚል ፎቶ አለኝ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ጥር 11 ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው ብዬ ፎቶውን የማግስቱ የሚካኤል አደረግሁት። ተሳስቼ ነበር። 2015 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ስለነበረ፣ የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20። በየአራት ዓመቱ ይህ አንድ ቀን ይገፋል። ከቴሌግራም የወረደና ስካን የተደረገ ፎቶ ደግሞ የወረደበትን ወይም ስካን የተደረገበትን ቀን ይይዛል። የአያቴ ሠርግ ስልኬ ላይ የተቀመጠው ከእኔ ምርቃት በኋላ ነው! በየበዓሉና በየዓመተ ምሕረቱ ፎልደር ከፍታችሁ በእጅ ለዩ። ሌላ አቋራጭ አላገኘሁለትም።

ፍላሹ ላይ ፎቶዎቹ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ቀረ

ቫይረስ ነው፣ ምናልባትም ከኅትመት ቤት ኮምፒውተር የመጣ። አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ። ፎቶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ሾርትከቱን አትክፈቱት፤ በአንቲቫይረስ አጽዱና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ወደ ኅትመት ቤት ስትሄዱ ቅጂ ብቻ ያለበት ፍላሽ ውሰዱ። መብራት ድንገት ስለሚጠፋም በየአሥር ደቂቃው ሴቭ በሉ።

የተለጠፈው ገጽ ተጨማደደ፣ ቀለሙም ፈሰሰ

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ነጩ ኮላ ውሃ አለበት። ቀጭን ወረቀት ውሃውን ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ እኩል አይመለስም። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ መድረቁ ይዘገያል፣ ጭማደዳውም ይብሳል። ወፍራም ወረቀት ተጠቀሙ። ኮላውን በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ገጹን በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጉና እስከ ማግስቱ ክብደት ጫኑበት። እኔ የምጭነው በፎጣ የተጠቀለለ የወፍጮ መጅ ነው። እናቴ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ራሷ ታቀብለኛለች።

ቀለሙ ከፈሰሰ ፎቶው የታተመው በውሃማ ቀለም በሚሠራ የቤት ፕሪንተር ነው። ለእሱ ኮላ አይሆንም፣ ባለሁለት ፊት ስኮች ይሻላል። ጥለት ስትለጥፉም ኮላው በጨርቁ አልፎ እንዳይወጣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ንኩት፤ ወይም በመርፌ ስፉት። የአውቶቡስ ትኬትና የባንክ ደረሰኝ ብዙዎቹ በሙቀት የሚታተሙ ናቸው። ላሚኔት ላድርግ ካላችሁ ድፍን ጥቁር ይሆናሉ፤ ብትተዉአቸውም ይደበዝዛሉ። ፎቶ አንስታችሁ ቅጂውን ለጥፉ።

ደብተሩ ሆዱ ተነፍቶ አልዘጋ አለ

በየገጹ ፎቶ፣ ካርቶንና ጨርቅ ትጨምራላችሁ፤ መጠረዣው በኩል ግን ያው ቀጭን ወረቀት ነው። ስለዚህ አፉ ይከፈታል። ሲጠረዝ በየገጹ መሃል ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ቁራጭ መጠረዣው በኩል አስገቡ። ጀርባውም እንደ ሆዱ ይወፍራል።

ራሳችሁ የምትሰፉት ከሆነ የድሮ የብራና መጽሐፍ አጠራረዝን እዩ። በሰንሰለት ስፌት የተያያዘ ነው፤ ሲከፈት ዘርጋ ብሎ ይተኛል። ቀዳዳውን በወስፌ ብሱ፣ ግን አታቀራርቡት። እኔ በየሦስት ሚሊ ሜትሩ በስቼ ገጹ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቀደደልኝ። ለኤ5 ደብተር አምስት ስድስት ቀዳዳ ከበቂ በላይ ነው። ወረቀቱ ሲታጠፍ ከተሰነጣጠቀ የቃጫው አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ ለመጠቅለል ሞክሩ፤ በቀላሉ እሺ ሲል የጥቅሉ ቁመት ከደብተሩ ጀርባ ጋር ትይዩ መሄድ አለበት።

የድሮ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ

በጭራሽ አትሳቡት። የድሮ ፎቶ ላዩ ጄላቲን ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ መስታወቱ ላይ ይደርቃል። ስትስቡት የሚቀረው የአያታችሁ ፊት ነው፣ መስታወቱ ላይ። ከነመስታወቱ ፎቶ አንሱት። ፍላሽ አጥፉ፣ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ሁኑ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ ያዙ። ነጸብራቅ ካስቸገረ ጥቁር ጨርቅ ከስልኩ ጀርባ ይያዝላችሁ። ደብተሩ ላይ የሚገባው ይህ ቅጂ ነው፤ ዋናው ከነመስታወቱ ግድግዳው ላይ ይቆይ።

ፎቶው ላይ ያለውን ሰው የሚያውቅ የለም

መነሻው ግልጽ ነው፤ ማንም አልጻፈበትም። መፍትሄው ቡና ማፍላት ነው። ፎቶዎቹን በስልክ ሳይሆን አሳትማችሁ አቅርቡ፤ ትልልቅ ሰዎች በእጃቸው ሲይዙት ይሻላል። የስልኩን ድምፅ መቅጃ ክፈቱ። ስሙን ከፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ያልፋል።

ከቻላችሁ ደግሞ የገጹን ጽሑፍ ትልልቆቹ ራሳቸው በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ይጻፉት። ፎቶ አንስታችሁ ጥቁሩን አጥቁሩ፣ ነጩን አንጹ፣ ገጹ ላይ አስገቡት። የእናቴ «ሠ» ወደ ግራ ያዘነብላል። እንዲህ ያለ ፎንት የትም አይገኝም።

ጊዜውን ግን አስቡበት። በአንድ ቡና ሃምሳ ፎቶ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። እናቴ አንዷን የቁስቋም ፎቶ ይዛ፣ ከጎኗ የቆመችው ሴት የማን ልጅ እንደሆነች፣ ማንን እንዳገባችና ለምን እንደተፋታች ትነግረኝ ጀመር። አቦል ላይ የጀመርነውን ፎቶ በረካ ላይም አልጨረስነውም።