ጠበል የገባ ታካሚ ሲገጥምህ

ለኢንተርንነት ደብረ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ከደረሰህ፣ ሂስትሪ (የታካሚውን የሕመም ታሪክ) ስትወስድ ስለ ጠበል መጠየቅ እንዳትረሳ። አጠያየቅህ ግን ይወስናል። ፊትህን አኮሳትረህ «ጠበል ሄደሽ ነበር እንዴ?» ካልክ መልሱ «ኧረ የለም ዶክተር» ነው። ሴትዮዋ ቁጣህን ሸሽተው ነው እንጂ ውሸታም ሆነው አይደለም። «እማማ፣ የት ነበር የገቡት? ግሽ ዓባይ ነው አንዳሳ?» በላቸው። የቦታውን ስም ሲሰሙ ነገሩን ራሳቸው ያወሩልሃል።

ከዚያ ዋናውን ጠይቅ፦ ከገቡ ወዲህ መድኃኒቱን አቁመዋል? ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስለዋል። የሚጥል በሽታ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ፌኖባርቢታል በአንዴ ሲቋረጥ የማያባራ ማንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ «ጋኔኑ ሊለቅ ነው» ብሎ ተስፋ አድርጎ ቁጭ ይላል። «አንዱን ምረጥ» የምትል እንደሆነ ጠበሉን ነው የሚመርጠው፣ አትድከም። ክኒኑን በጠበሉ ይዋጠው። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ይህን ጥቀስለት፣ ካንተ ጋዋን የበለጠ ይሰማል።

ጾም ላይ ከባዱ ስኳር ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ የሚውል ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀላለች፤ ግን ይህን ከነፍስ አባቱ አፍ መስማት ይፈልጋል። ፈቃዱን ጠይቀህ ለቄሱ ደውል። ምን እንደሚያመው ሳይሆን በሰዓቱ መብላት እንዳለበት ብቻ ንገራቸው። ረመዳን ላይም ሼኹን በዚሁ መንገድ ታናግራለህ። የቲቢው ይቀላል፦ ሪፋምፒሲን በባዶ ሆድ ስለሚወሰድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክኒኑን ውጦ ምግቡን አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው።

ፋሻ ስትፈታ ቁስሉ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ብታይ፣ እምነት የሚሉት ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ የተባረከ አመድ ወይም አፈር ተቀብቶ ነው። አትጩህ። እጠበው፣ ከዛሬ ጀምሮ ግንባራቸውን እንዲቀቡ ንገራቸው፤ እሺ ይሉሃል።

ሱባኤው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቀህ ቻርቱ ላይ ጻፈው፣ ቀጠሮውንም ከዚያ በኋላ አድርገው። ሱባኤውን አቋርጦ ቀጠሮ የሚመጣልህ ሰው የለም።