ከቀብድ በፊት፦ በቤቱ ላይ ጉድለት ሲገኝ ከሻጩ ጋር እንዴት መደራደር ይቻላል

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ ብዙ ሰው ቤት ሲገዛ መጀመሪያ ዋጋ ይቆርጣል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ግንበኛ ይዞ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ (ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885) ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከፍለው ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን ቢደርሱበትና ሻጩ «ካልፈለጉ ይተዉት» ቢልዎ፣ ከሳሪው እርስዎ ነዎት። ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል» እያለ ቢያጣድፍዎ አይደንግጡ፤ እሱ ገንዘቡን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። የግድ ቀብድ መክፈል ካለብዎ ትንሽ ይሁን፣ ወረቀቱም ላይ «ቤቱ በባለሙያ ታይቶ በጥገናው ካልተስማማን ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ይግባበት።

1. ጉድለቱን ከነምክንያቱ መጻፍ

«ግድግዳው ተሰንጥቋል» ብሎ መደራደር አይቻልም። የትኛው ግድግዳ፣ ስንት ሜትር፣ ከምን የተነሳ የሚለው ካልታወቀ ሻጩ በአንድ ባልዲ ቀለም ይሸፍነዋል፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይመጣል።

በደጋው፣ በተለይ ጥቁር አፈር ባለበት በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በእነዋሪና በጅሩ በኩል፣ መጀመሪያ መሠረቱን ይጠርጥሩ። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በደንብ ያልተቆፈረ መሠረት አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። በልስን ላይ ያለ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ብዙም አያሳስብም። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ በደረጃ መልክ እየተከተለ የሚወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጀሶ በውሃ ለውሰው ስንጥቁን አቋርጦ በመዳፍ ስፋት ይለጥፉበት፣ ቀኑንም ይጻፉበት። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። ካልተሰነጠቀ ግን ወዲያው አይደሰቱ፤ አፈሩ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ዝናብ ሲገባና ሲወጣ ስለሆነ በየካቲት የተለጠፈ ጀሶ ዝም ቢል ብዙ አይናገርም።

የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚው መሬት የሚነካበትን ቦታ በካቻቢቴ ይውጉ። ጣት ያህል ከገባ እንጨቱ አልቋል። በደጋው ዋናው ጠላት እርጥበት ነው፤ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ሲወርዱ ደግሞ ምስጥ፣ በግድግዳው ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር እየሠራ። የተበላውን ቋሚ አንድ በአንድ ይቁጠሩ። «ከ40 ቋሚ 9ኙ» የሚል ቃል «እንጨቱ አርጅቷል» ከሚል ይልቅ ጉልበት አለው።

ለጣሪያው በቀትር ኮርኒስ ውስጥ ገብተው መብራት ያጥፉ፤ ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ውሃም ይገባበታል። የሚያፈሰው የሚስማሩ ጎማ ደርቆ ከሆነ ሚስማር መቀየር ይበቃል፤ ቆርቆሮው ራሱ ዝጎ ከሆነ ግን ቆርቆሮ መግዛት ነው፣ የሁለቱ ዋጋ ደግሞ አይቀራረብም። አሸንዳ መኖሩን አይርሱ። አሸንዳ የሌለው ቤት የጣሪያውን ውሃ ሁሉ በግድግዳው ሥር ያፈሳል፤ ውስጥ የሚታየው የእርጥበት ጥቁረት ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። ውሃ ላይኖር ስለሚችል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ይዘው ይሂዱና ሽንት ቤቱንና ሻወሩን ይሞክሩ። ኤሌክትሪሺያን ካለ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) መኖሩንና ኮርኒስ ውስጥ በቴፕ ብቻ የተቀጠለ ሽቦ አለመኖሩን ይይልዎ።

2. ዋጋ ማስወጣት

ከሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ፕሮፎርማ ይውሰዱ፤ ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ ይጻፍ፣ ቀንም ይኑረው፤ ሲሚንቶና ብረት በሳምንታት ውስጥ ዋጋቸው ይለዋወጣል። ቤቱን ያሳየዎት ደላላ ያመጣውን ግንበኛ አይቀበሉ።

3. መለየት

ያገኙትን ሁሉ ይዞ መሄድ ያከስራል። በሦስት ይክፈሉት። አንደኛው ሻጩ ብቻ የሚያስተካክለው ነው፦ ያልተከፈለ የመብራትና የውሃ ሂሳብ፣ የካርታ ጉዳይ፣ ከጎረቤት ጋር ያለ የድንበር ክርክር። ይህ በብር አይካካስም፤ ሳይጠናቀቅ ውል የለም።

ሁለተኛው መሠረት፣ ጣሪያና የኤሌክትሪክ መስመር ነው። እዚህ ላይ ጠግኖ ያስረክበኝ ከማለት ከዋጋው ማስቀነስ ይሻላል። ሻጩ ቤቱን ለቆ የሚሄድ ሰው ነው፤ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ሲጠበቅ ቀጭኑን ባለ 35 ቢያስመታ አይፈረድበትም። ገንዘቡ እጅዎ ላይ ከቀረ ግን ባለሙያውንም ዕቃውንም የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። የሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ ማስመጠጥን የመሰለ፣ ተሠራ ወይም አልተሠራ ተብሎ በዓይን የሚለይ ሥራ ለሻጩ ቢተው ችግር የለውም።

ሦስተኛው የተሰበረ መስታወት፣ የማይዘጋ ቁልፍና ቀለም ነው። ይተዉት። እነዚህን ሲደረድሩ ለድርድሩ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ገዢው ሰበብ ፈላጊ ነው ብለው ወደ ሻጩ ያዘነብላሉ።

4. ንግግሩ

በስልክ አይሁን፣ በደላላም አፍ አይሁን። ከእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ ይዞ እዚያው ቤት ውስጥ መቀመጥ ይሻላል፤ ስንጥቁን በጣት ማሳየት ይቻላል። አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጋሼ፣ ቤቱን ወደነዋል፤ በተነጋገርንበት ዋጋም አልተከፋንም። ነገር ግን ባለሙያ አሳይተን ጣሪያውና የምሥራቁ ግድግዳ ይህን ያህል ያስወጣል ብሎናል፤ ወረቀቱ ይኸው። እርስዎም የሚያምኑትን ሰው አምጥተው ያሳዩት።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋናዋ ናት፤ ሻጩ ውሸታም ተባልኩ ብሎ እንዳይቆጣ ትጠብቃለች። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ዓመት ኖረንበታል፣ ምንም አልሆነም» ነው። ኑሯቸውን አይከራከሩ፤ ወደ ቁጥሩ ይመለሱ። «ዋጋው ይህን አስቦ የተባለ ነው» ካሉ ጣሪያው ደህና የሆነ ተመሳሳይ ቤት በዚያው ሰፈር ስንት እንደተሸጠ ይጠይቁ። ጥገናው 180,000 ብር ተገምቶ ከሆነ በዚያው ይጀምሩ፣ ልብዎ ውስጥ ግን የማይወርዱበት ልክ ይኑርዎ፤ በግማሽ መስማማት የተለመደ ነው። መሠረቱ እየሄደ ከሆነና ሻጩ ምንም ካልቀነሰ ተነስቶ መሄድም ድርድር ነው።

5. ወረቀቱ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት (አንቀጽ 1723)፤ ማሻሻያውም እንደዚያው። ስለዚህ በቡና መካከል የተባለ «አስጠግንልሃለሁ» ቃል ብቻ ነው። ባለትዳር ሻጭ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ።

ሻጩ የሚሠራው ካለ ምልክቱ ሳይሆን ሥራው ይጻፍ። «እርጥበቱ ይስተካከል» አይበሉ፤ «በምሥራቁ በኩል 12 ሜትር አሸንዳ ከነመውረጃው ይገጠም፣ የተላቀቀው ልስን ተፍቆ በሲሚንቶ ይለሰን፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ገዢው ይየው» ይበሉ። ቀነ ገደቡንም ወቅቱን አይተው ይወስኑ፤ በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ሳይደርቅ ውርጭ የመታው ልስን ቆይቶ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በእነዚህ ወራት ልስን ጠዋት ተጀምሮ ከቀትር በፊት ይለቅ፣ ማታ በጆንያ ወይም በላስቲክ ይሸፈን።

ሻጩ ከሚሠራው ጥገና ግምት ትንሽ የሚበልጥ ገንዘብ ከመጨረሻው ክፍያ ይያዝ፤ መጠኑና የሚለቀቅበት ሁኔታ ውሉ ላይ ይግባ። ግብር ለማሳነስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ማስጻፍ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ክርክር ሲመጣ ያስቀነሱትንም የያዙትንም ማስረዳት ያቅትዎታል። «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ሐረግ ካለም ያሰርዙት። በግልጽ ለሚታይ ጉድለት ሻጩ ድሮም አይጠየቅም፤ ይህ ሐረግ ደግሞ የተደበቀውንም ለመጠየቅ ሲሞክሩ እንቅፋት ይሆንብዎታል። የተደበቀ ጉድለት ከገቡ በኋላ ካገኙም ሳይዘገዩ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን ባለሙያውን ይዘው ይሂዱ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ ያንሱ፣ ሥራውን ከውሉ ጋር ያመሳክሩ። ከተሟላ የተያዘውን ገንዘብ ምስክር ባለበት ይክፈሉ፤ ደረሰኙም «የጥገና መያዣ ተከፍሎ አልቋል» ብሎ ይጻፍ።