ከእስር የወጣን ሰው ወደ ሰንበቴ እንዴት እናምጣው?

በሰንበቴያችን ለዓመታት ጠላ ቀድቻለሁ። ከማረሚያ ቤት ወጥተው የመጡ ሰዎችንም ተቀብያለሁ። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ብቻውን እንዲመጣ አትተዉት። ቅዳሜ ማታ ደውሉለት። ጠዋት ከቤቱ ይዛችሁት ውጡ። ነጠላ ከሌለው አንድ ትርፍ ያዙለት። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ያለ ነጠላ ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው፣ ሁሉም እሱን የሚያየው ይመስለዋል።

«በምንድን ነው የታሰርከው?» ብላችሁ በፍጹም አትጠይቁ። እኔ አንዴ ጠይቄ ሰውየው ሁለተኛ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያንን የሚሰማው የንስሐ አባቱ ነው። ከሌለው ከአንድ ቄስ ጋር አስተዋውቁትና ዘወር በሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት አስገቡት። ዳር ሳይሆን መሃል ይቀመጥ። ዳቦውንም ጠላውንም እንደ ማንኛችንም ይቀበል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሥራ ስጡት፤ ውሃ ይቅዳ፣ ወንበር ያንሳ። እንግድነቱ የሚለቀው ያኔ ነው።

የሚያጉረመርም ሰው አይጠፋም። እኔ ሙሴ ጸሊምን አስታውሳቸዋለሁ። ሽፍታ ነበር፤ በግብፅ በረሃ መነኮሰ፣ ቅስናም ተቀበለ። ሰኔ 24 እናስበዋለን። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለትማ፣ 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት ማግኘቱን ሰምተን እልል እንላለን። ታዲያ አጠገባችን የተቀመጠውን እንዴት እንሸሸው?

አንድ እሑድ ከቀረ፣ እስከ ማክሰኞ አትቆዩ። የዚያኑ ዕለት ደውሉለት።