ቦይለር ሲጮህ፣ ሲያንጠባጥብ፣ አልሞቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ብሬከሩ አልወረደም፣ ሶኬቱ ላይ መብራት አለ፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ ይሰጣል። ይሄን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሬዚስታንሱ (ታንኩ ውስጥ ያለው በኤሌክትሪክ የሚግለው ማሞቂያ ዘንግ) ያወጣው ሙቀት የት ገባ? ሙቀት ዝም ብሎ አይጠፋም። ወይ ውሃውን ያሞቃል፣ ወይ ውሃውን እንፋሎት ያደርገዋል፣ ወይ ደሞ መሄጃ አጥቶ ራሱን ሬዚስታንሱን ያቃጥለዋል።

ይሞቃል ግን ይዘገያል

መጀመሪያ እውነት ዘግይቶ እንደሆነ እወቁ። 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ያስፈልጋል፣ የፈለገው ማርካ ቢሆን ይሄ አይቀየርም። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ 60 እንዲደርስ በ1500 ዋት ሬዚስታንስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ 80 ሊትሩ ከ2 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ተበላሸ ብሎ የሚደውል ሰው ብዙ ነው፣ አልተበላሸም። የሚዘገየው ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ቮልቴጁን ለኩ። 220 መሆን የነበረበት 180 ከወረደ ያ 1500 የተባለው ሬዚስታንስ የሚሰጣችሁ 1000 ዋት አካባቢ ነው። ቦይለሩን አትንኩት፣ የምታበሩበትን ሰዓት ቀይሩ።

ሲሞቅ ከስር ያንጠባጥባል

ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ያ 50 ሊትር 60 ዲግሪ ሲደርስ ከሶስት ሩብ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ትርፍ ይፈጥራል፣ ታንኩ ብረት ስለሆነ አይለጠጥለትም፣ ስለዚህ ትርፉ በሴፍቲ ቫልቯ፣ ግፊት ሲበዛ በምታስተነፍሰው፣ ይወጣል። ስራዋ ነው። ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞም ካንጠባጠበ ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይ ቫልቯ ውስጥ አሸዋ ገብቷል። ማንሻዋን ከፍ አድርጋችሁ ውሃ አስለቅቁባት፣ ካልተስተካከለች ቀይሯት።

እባካችሁ አትድፈኗት! አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ገብቼ የቫልቯን አፍ በእንጨት ሽብልቅ ጠቅጥቀው ላዩን በላስቲክ ጠፍረውት አገኘሁ። "ልጄ፣ ወለሉን እያረጠበ አስቸገረን እኮ" አሉኝ እናትየው፣ ከግድግዳው ማዶ የልጆች አልጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ተዘግቶ ግፊት ሲበዛበት ግን የሚፈላበት ዲግሪም አብሮ ይወጣል፣ 8 ባር ግፊት ላይ 170 ዲግሪ ደርሶም ሳይፈላ ይቆያል። ታንኩ የተሰነጠቀ ለታ ግፊቱ ባንዴ ይለቃል፣ ከውሃው የተወሰነው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ ከውሃው ከ1600 እጥፍ በላይ ቦታ ነው የሚፈልገው። ግድግዳ ያፈርሳል፣ ሰው ይገላል። ወለሉ እንዳይረጥብ ከፈለጋችሁ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት፣ ጫፉ ሁሌ ክፍት ይሁን።

ይጮሃል፣ ቆይቶ ብሬከር ይጥላል

ከምጠራባቸው ቤቶች አብዛኛው ይሄ ነው። መጀመሪያ እንደ ሽሮ ቱክ ቱክ ይላል፣ ሰው ፈላ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ገና 45 ዲግሪ ላይ ነው። ወራት ቆይቶ ጩኸቱ ይበረታል፣ መሞቂያው ሰዓት ይረዝማል፣ ከዛ አንድ ቀን ብሬከሩ ወርዶ አልነሳ ይላል።

ምክንያቱ ኖራ ነው። ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ፣ እንደ አቃቂ በኩል ያለው፣ ካልሲየም ይዞ ይመጣል፣ ድሬዳዋና መቀሌ ያላችሁማ ማንቆርቆሪያችሁ ላይ በደንብ ታውቁታላችሁ። ጨውና ስኳር ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሟሟሉ፣ ይሄኛው ግን ውሃው ሲሞቅ ነው ከውሃው ወጥቶ ድንጋይ የሚሆነው፣ ታንኩ ውስጥ ደሞ ከሬዚስታንሱ በላይ የሚሞቅ ቦታ የለም፣ ስለዚህ እዛው ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ሬዚስታንሱ ሙቀቱን ማውጣቱን አያቆምም፣ መውጫው ግን ጠቧል፣ ስለዚህ ከቅርፊቱ ስር ያለችው ትንሽ ውሃ ብቻዋን ፈልታ እንፋሎት ትሆናለች፣ አረፋዋ ሾልካ ወጥታ ቀዝቃዛውን ውሃ ስታገኝ ተመልሳ ውሃ ትሆንና ትጨፈለቃለች። የምትሰሙት ድምጽ እሱ ነው። 1 ሊትር የፈላ ውሃ እንፋሎት ለማድረግ 2257 ኪሎጁል ይጠይቃል፣ አረፋዋ ስትጨፈለቅ ሙቀቱን ለውሃው ትመልሳለች፣ ለዛ ነው እየጮኸም የሚሞቀው። ሬዚስታንሱ ግን ከቅርፊቱ ስር ከመጠን በላይ ግሎ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ብሬከሩ የሚወድቀው ያኔ ነው።

አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ውሃውን አውርዱ፣ ፍላንጁን፣ ሬዚስታንሱ የታሰረበትን ክዳን፣ ፍቱ። የተጎዳ ከሆነ የብረቱ መልክ አይታይም፣ ነጭና ቢጫ ቅርፊት ብቻ ነው፣ ሰብራችሁ ጎኑን ብታዩት ቀጫጭን ንብርብር አለው፣ ነጭ፣ ከዛ ዝገት የመሰለ መስመር፣ እንደገና ነጭ። ቴስተር ያዙ፦ 1500 ዋት ከሆነ በሁለቱ ጫፍ መካከል 32 ኦም አካባቢ፣ 2000 ዋት ከሆነ 24 አካባቢ ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ከጫፉ ወደ ብረቱ አካል ስትለኩ ደሞ ምንም ማንበብ የለበትም፣ ካነበበ እየሞቀም ቢሆን ጣሉት፣ ሻወር ስር ቆሞ ኤሌክትሪክ የሚይዘው ሰው በዚህ ነው። የአርዝ ሽቦውን፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን፣ ቆርጠው ዝም የሚሉ ሰራተኞች ያናድዱኛል፣ ያቺ ሽቦ የሰው ነፍስ ናት።

ደህና ከሆነ ከተራ አቼቶ ጋር ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ሽቦ የሚታሰርበት ጫፍ እንዳይነካው ብቻ፣ አረፋ እያወጣ ይለቃል። በቢላ አትፋቁ፣ በመዶሻ አትምቱ፣ የባትሪ አሲድ አትሞክሩ። በረኪና ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ሰው የሚረሳው የታንኩን ታች ነው። አንድ ቤት ሬዚስታንስ በላይ በላዩ እየቀየሩ ይቃጠልባቸዋል፣ ስከፍተው የወደቀው ኖራ ጭቃ ሆኖ ታንኩ ውስጥ ተከምሯል፣ አዲሱን ሬዚስታንስ በየጊዜው እዛ ጭቃ ውስጥ ነበር የሚቀብሩት። ውሃ ያልነካው ሬዚስታንስ ሙቀቱን ለማን ይስጥ? በእጃችሁ ዝቃችሁ አውጡት፣ ከዛ በውሃ እጠቡት። የገዙት እቃም ራሱ የማይረባ ነበር፣ መዳብ ተብሎ የተሸጠላቸው ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ መዳብን ማግኔት አይስበውም። ታንኩን ከዝገት የምትጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግ ካለቀች አብራችሁ ቀይሯት፣ ጓርኒሲዮኑንም (ክዳኑ እንዳያፈስ የሚገባውን ላስቲክ) አሮጌውን አትመልሱ። ተርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውን) 60 ላይ አድርጉት፣ 75 ላይ ኖራው ይፈጥናል። ከ50 በታች አታውርዱት፣ ለብ ባለ ውሃ ባክቴሪያ ይራባል።

ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጥሎ ተገኘ

ያቺው ሴፍቲ ቫልቭ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግድ ምላስ አላት፣ ምላሷ ከሞተች መስመሩ ሲደርቅ ታንኩም ወደ መስመሩ ሊፈስ ይችላል፣ ሬዚስታንሱ አየር ላይ ይቀራል። ቫልቯን ቀይሩ፣ ውሃ በጠፋ ቀን ብሬከሩን አውርዱ።

ሙቅ ቧንቧው ሲከፈት እንፋሎት ቀድሞ ይተፋል

ተርሞስታቱ ተጣብቋል፣ አልቆርጥ ብሏል። ቧንቧውን መልሳችሁ ዝጉ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ሰው ከመታጠቢያ ቤቱ ይውጣ፣ ታንኩ ቀዝቅዞ እስኪያድር ማንም አይንካው። ከዛ ተርሞስታቱም ቫልቯም ይቀየሩ፣ ሁለቱም።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ታንኩ ራሱ ዝጎ ካፈሰሰ አይበየድም፣ ይቀየራል። ደብረ ብርሃን ጣሪያ ላይ ሶላር ያላችሁ ደሞ ውርጭ ባለበት ሌሊት ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ በረዶ ከሆነ 9 በመቶ ይሰፋል፣ ቧንቧውን ይተረትረዋል፣ የተጋለጠውን ሁሉ በስፖንጅ ሸፍኑት።

ሁሉን ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሙቅ ቧንቧውን ክፈቱና ቀዝቃዛውን ልቀቁ። አየሩን እየተፋ ይቆያል፣ ሳይቆራረጥ ወጥ ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር ቧንቧውን ዝጉ፣ ብሬከሩን ማንሳት ከዛ በኋላ ነው።