የአንጎል ሳይንስን ከሳይኮሎጂና ከትምህርት ጋር ለሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበላሸው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መለኪያ ይዞ ክፍል በመግባት ነው። ባሕር ዳርም ይሁን ዘጌ፣ የ2ኛ ክፍል ልጅ «በሬ ከሚለው ቃል የመጀመሪያውን ድምፅ ብታወጣ ምን ይቀራል?» ሲባል «ሬ» ይላል። የመልስ ቁልፉ የሚጠብቀው «ኧሬ» ስለሆነ ዜሮ ይሰጠዋል። ልጁ ግን አልተሳሳተም። ፊደል የቆጠረ ልጅ «በ»ን የሚያውቃት እንደ አንድ ድምፅ ነው፤ ተነባቢና አናባቢ ብሎ እንዲከፍላት ማንም አላስተማረውም። ያው ልጅ ከ«ቤት» የመጨረሻውን ድምፅ አውጣ ሲባል «ቤ» ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ «ት» ራሷን የቻለች ፊደል ናትና። ተመራማሪው ሁለቱን ውጤት አስተያይቶ «የቃል መነሻ ድምፅን የመለየት ችግር» ብሎ ይጽፋል፤ ይባስ ብሎ የአንጎልን ግራ ክፍል ምክንያት ያደርጋል። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፦ ጤነኛ ልጅ የንባብ እክል አለበት ተብሎ ይመዘገባል።

በፊደል ደረጃና በነጠላ ድምፅ ደረጃ የሚለኩትን ጥያቄዎች ለየብቻ አዘጋጁ፣ ነጥባቸውንም አትደምሩ። ከፈተናው በፊት ሦስት አራት የመለማመጃ ጥያቄ ስጡ፤ ልጁ ሲስት አሳዩት። ዋናው ናሙና ውስጥ በማይገቡ 30 ያህል ልጆች ላይ ሞክሩትና ሁሉም የሚመልሱትን፣ ማንም የማይመልሰውንም ጥያቄ አውጡ። መልሱን በድምፅ ቅዱ፤ ሁለት አራሚ ሳይነጋገር ያርመው። በቃላት ንባብ ዝርዝር ውስጥ «ገና»ን ወይም «አለ»ን አታስገቡ፤ ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ ስለማይታይ ሁለቱም አነባበብ ልክ ነው።

ቁጥር ሰምቶ በመድገም የሚለካው ትውስታም እንደዚሁ ነው። በእንግሊዝኛ ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች ከ«ሰቨን» በቀር ሁሉም አንድ ቀለም (ሲላብል) ብቻ ናቸው፤ የአማርኛዎቹ «ስምንት» እና «ዘጠኝ» ግን ይረዝማሉ። ሰው በቃሉ የሚይዘው በሁለት ሰኮንድ ገደማ ሊለው የሚችለውን ያህል ስለሆነ፣ የኛን ልጅ በውጭ ልጆች አማካይ መመዘን እሱን መበደል ነው።

3ኛ ኤን በአዲስ ዘዴ፣ 3ኛ ቢን በድሮው አስተምሮ «ናሙናዬ 100 ተማሪ ነው» ማለትም አይሆንም። የአንድ ክፍል ልጆች መምህራቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ይመሳሰላሉ። በየክፍሉ 50 ልጅ ካለና የመመሳሰሉ መጠን 0.2 ከሆነ፣ 1 + 49 × 0.2 = 10.8 ይመጣል፤ 100 ለ10.8 ሲካፈል 9 ያህል ስለሆነ፣ 100 ልጅ የሚሰጠው መረጃ ከ9 ልጅ ብዙም አይበልጥም። ያንኑ 100 ልጅ ከ10 ክፍል አስር አስር ብትወስዱ ወደ 36 ከፍ ይላል። በሁለት ክፍል ብቻ ደግሞ የዘዴውን ውጤት ከመምህሩ ችሎታ መለየት ጨርሶ አይቻልም።

ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ራስ ላይ በሚቀመጡ ኤሌክትሮዶች የሚቀዳ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ፀጉርን በፕሮፖዛሉ ላይ አስቡበት። ቅቤ ወይም ቅባት ያለበት ፀጉር ላይ ኤሌክትሮዱ ከራስ ቅል ቆዳ ጋር በደንብ አይገናኝም፤ በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም (ኢምፒዳንስ) ከ5 ኪሎ ኦም በታች ማውረድ ያስቸግራል። ከዋዜማው ለእናትየው ንገሯት፣ ልጅቷ ታጥባ ሳትቀባ ትምጣ። ሹሩባ የተሠራችውን ግን «አይመችም» ብሎ መመለስ ከባድ ጥፋት ነው፤ ሴቶቹ ቀርተው ናሙናው የወንዶች ይሆናል። ኤሌክትሮዱን በሹሩባው መስመሮች መካከል በሚታየው ቆዳ ላይ አስቀምጡ፤ ካልሆነም ሹሩባው ሲፈታ እንድትመጣ ቀጠሮ ስጡ። መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ አትቅዱ፤ ላብ ቀስ ብሎ የሚዋዥቅ ሞገድ ያመጣል፣ ይህም ከአንጎል የመጣ ሊመስል ይችላል። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሥሩ፤ የ50 ኸርዝ ጣልቃ ገብነቱ ይቀንሳል፣ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም።

የትኩረት ፈተና የተሰጠበትን ሰዓትና ልጁ በልቶ መምጣቱን መዝግቡ፤ ዐቢይ ጾም ላይ ልዩነቱ ከረሃብ ይሁን ከዘዴው አይታወቅም።

«በማየት የሚማር፣ በመስማት የሚማር» የሚለውን መጠይቅ ተዉት፤ የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን መርምረው በዚያ መሠረት ለማስተማር በቂ ማስረጃ አላገኙም።

የሰበሰባችሁት መጠይቅ ብቻ ሆኖ ሳለ ምዕራፍ አምስት ላይ ሂፖካምፐስን (ለትውስታ ዋና የሆነውን የአንጎል ክፍል) አትጥሩ። ጆን ብሩየር በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ከአንጎል ወደ ክፍል በቀጥታ መሻገር አይቻልም፤ በመካከል የአስተሳሰብ ሳይኮሎጂ አለ። እዚያ ላይ ጠንክሩ።

የርእሰ መምህር ደብዳቤ የወላጅ ፈቃድ አይደለም። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ቅጹን ምስክር ባለበት አንብቡለት። ልጁንም ራሱን ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ወላጁ ቢፈርምም ወደ ክፍሉ መልሱት።