የጤና መድን አባል ሲሆኑ የሚያጉላሉ ስህተቶች

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ወርኃዊ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። ለገበሬው፣ ለጉሊት ነጋዴዋ፣ ለሊስትሮው፣ ለቀን ሠራተኛው። ሆኖም መዋጮውን ከፍሎም የሚጉላላው ሰው ብዙ ነው።

«ሲያመኝ እገባለሁ» ማለት። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ብዙ የገጠር ወረዳዎች አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ይመዘግባሉ። አዲስ አባል ደግሞ ዛሬ ከፍሎ ነገ አይታከምም፣ የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ቀኑን ከቀበሌዎ አስቀድመው ይጠይቁ።

«ዘንድሮ አልታመምንም፣ ብራችን ተበላ» ብሎ አለማደስ። መድን ዕቁብ አይደለም፣ ዕጣ አይወጣበትም። ዕድር ነው። «ዘንድሮ ሰው አልሞተብኝምና ገንዘቤ ይመለስ» ብሎ የዕድር ዳኛ ደጅ የቆመ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቤተሰብን ሳያስመዘግቡ መቅረት። አባልነቱ በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ለቤተሰቡ ነው። የአባልነት ደብተሩ ላይ ስሙና ፎቶው የሌለ ልጅ ግን መስኮቱ ላይ ያከራክራል። 18 ዓመት ለሞላው ተጨማሪ መዋጮ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ኪስ የሚያራቁተው ግን ሪፈር፣ ማለትም ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላኩበትን ወረቀት፣ መዝለል ነው። «ጤና ጣቢያ ምን አለና!» ብለው በቀጥታ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ካርድ ክፍል ደርሰው ደብተሩን ሲዘረጉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሪፈር ይዘዋል?» ነው። ካልያዙ ከኪስ መክፈል ይመጣል። ድንገተኛ ሕመም ሌላ ነገር ነው። ለሌላው ግን መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ወረቀቱን ሲቀበሉም ማኅተሙን ይዩ፣ ስምዎ ደብተሩ ላይ እንዳለው መጻፉን ያረጋግጡ። አንዱ ላይ «ገብረ ማርያም»፣ ሌላው ላይ «ገ/ማርያም» ከሆነ እዚያው ያስተካክሉ። ሆስፒታል ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ገቢ ያሳጣል፣ ታክሲው ሳይቆጠር።

መድኃኒት «የለም» ሲባል ዘሎ ግል ፋርማሲ መግባትም አለ። መጀመሪያ ከመድኑ ጋር ውል ያለው ፋርማሲ የት እንዳለ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ ከነማ ፋርማሲ አለ።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውበት ቀዶ ሕክምና? አይሸፈንም። በዚህ አይከራከሩ።

በመጨረሻ ይሉኝታ። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፣ የሚመረጡትም በየቀበሌው ነው። አቅም ከሌለዎት ስም ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት ይናገሩ። ዝም ያለ ሰው ከፋይ ተብሎ ይታለፋል።