«እግር ጠፋ!» ከማለታችሁ በፊት፦ በኦፕሬሽን ላይ የሞተር ነርቭ ሲግናል አያያዝ

ጀርባው ተከፍቶ፣ ብሎን እየገባለት፣ የተጣመመ አከርካሪው እየተቃና ያለ ልጅ ህብለ ሰረሰሩ መጎዳቱን በምን ታውቃላችሁ? ድሮ መላው አንድ ነበር። ሰመመኑን ቀለል አድርጎ መቀስቀስና «እግርህን አንቀሳቅስ» ማለት። ስታኛራ የሚባል ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1973 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ዛሬም ይሠራበታል፣ እኔም አልንቀውም። ግን የሚነግራችሁ የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ልጁ ተመልሶ ከተኛ በኋላ ለሚሆነው ነገር ምስክር የለም።

ሞተር ኢቮክድ ፖቴንሻል፣ ባጭሩ ኤምኢፒ፣ ይህን ይሞላል። ራስ ቅል ላይ በኤሌክትሪክ ትመታላችሁ፤ ትእዛዙ በህብለ ሰረሰር ወርዶ ጡንቻ ላይ ሲደርስ ትቀዳላችሁ። የስሜት ነርቮችን የሚከታተለው ኤስኤስኢፒ አይበቃም ወይ ለምትሉ፣ እሱ የሚሄደው በህብለ ሰረሰሩ የኋላ ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ደም አጥቶ እግር ሲሰንፍ እሱ ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ከማሽኑ ሳይሆን ከሰመመን ባለሙያው ነው። ጠዋት በሽተኛው ሳይገባ ሄዳችሁ አናግሩት። በትንፋሽ የሚሰጡት ሃሎቴንም ሆነ አይሶፍሉሬን ሲግናሉን ይገድሉታል፣ ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ ፕሮፖፎል ከፌንታኒል ወይም ከሬሚፌንታኒል ጋር ይሻላል። ኬታሚን ቢጨመርበት ጭራሽ ጥሩ ነው፤ ሀገር ቤት ላላችሁ ደግሞ እሱ አይጠፋም። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ለመተንፈሻ ቱቦው ማስገቢያ ብቻ፣ እሱም ቶሎ የሚለቅ ይሁን። ከዚያ በኋላ አይደገም። መልቀቁን ነርቭን አራት ጊዜ አከታትሎ በሚመታው ፈተና፣ በትሬይን ኦፍ ፎር፣ አረጋግጡ፣ አራቱም ምት መታየት አለበት። አንድ ነገር አደራ በሉት፦ ማንኛውንም መድኃኒት በአንዴ ከመስጠትህ በፊት ንገረኝ።

ኤሌክትሮዶቹን የራስ ቆዳ ላይ ሲ3 (ግራ) እና ሲ4 (ቀኝ) በሚባሉት ቦታዎች አስገቡ፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የሚጠመዘዙት አይወልቁም። ፖዘቲቩ ያለበት የአንጎል ወገን ነው የሚነሳው፣ እሱም የሚያዘው ተቃራኒውን የሰውነት ጎን ነው። ሲ3 ላይ ከሆነ ቀኝ እጅና እግር ይመልሳል። መልሱን የሚቀዱትን መርፌዎች አውራ ጣት ሥር፣ ቅልጥም ፊት ለፊት ካለው ጡንቻና እግር መዳፍ ላይ ሰክታችሁ በፕላስተር አጥብቁ። እጅን «ኦፕሬሽኑ ጀርባ ላይ ነው» ብላችሁ አትዝለሉት፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ታዩታላችሁ።

ምላስ! ምቱ መንጋጋን በኃይል ያጋጥማል። ጎዝ ጠቅልላችሁ በሁለቱም በኩል መንጋጋ ጥርሶች መሀል አድርጉ፣ ምላስ መሀል ላይ ነፃ ሆኖ መቀመጡን በዓይናችሁ እዩ። በሽተኛው በሆዱ ከተገለበጠ በኋላ ደግማችሁ እዩ። የልብ ፔስሜከር፣ የሚጥል በሽታ፣ ራስ ውስጥ ብረት ካለ ቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተመካከሩ።

አንድ ምት ለተኛ ሰው አይበቃም። ከ5 እስከ 7 ምት በተከታታይ፣ በመካከላቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሰከንድ ክፍተት። ከ200 ቮልት ግድም ጀምራችሁ ሲግናሉ ጥርት እስኪል በ50፣ በ50 ጨምሩ። መነሻውን፣ ማለትም ኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚነጻጸርበትን የመጀመሪያ ሲግናል፣ በሽተኛው ሳይገለበጥ ያዙ፣ ከተገለበጠ በኋላም ድገሙት። በተለይ አንገቱ ያልጸና ከሆነ መገልበጡ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ቢላ ቆዳ ከነካ በኋላ የተያዘ መነሻ ብዙም መነሻ አይባልም።

ሲግናል ሲወድቅ የወደቀው የት እንደሆነ እዩ። ደረት አካባቢ ባለው አከርካሪ ላይ በሚሠራ ኦፕሬሽን እጅ ምስክራችሁ ነው። እጅም እግርም አብረው ከደከሙ ጥፋቱ ከመድኃኒት፣ ከደም ግፊት፣ ከብርድ ሊሆን ይችላል። ፕሮፖፎል ለሰዓታት ሲንጠባጠብም ሲግናል ቀስ እያለ ይሟሽሻል። አንድ እጅ ብቻ ከሆነስ? አንዴ የአንድ ጎረምሳ ጀርባ እየተሠራ የግራ አውራ ጣቱ ብቻ ደከመ። ሁሉም ዓይን ወደ ብሎኑ ዞረ። ከጨርቁ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ ክንዱ ከትከሻው በላይ ተወጥሮ ኖሯል። ዝቅ አደረግነው፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቱ መለሰ።

እጆቹ ደህና ሆነው እግሮቹ ከጠፉ ግን ወዲያው፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ» ብሎ ማጉረምረም አይሠራም። ሐኪሙ መጨረሻ ያደረገውን ይፍታ፦ ብሎኑን ያውጣ፣ ዘንጉን ያላላ። ሰመመን ባለሙያው አማካይ የደም ግፊቱን ከ85 በላይ ያውጣ፣ ሄሞግሎቢን ይይ፣ ሰውነቱን ያሙቅ። እናንተ ሽቦውን ፈትሹ፣ ድገሙ። ካልተመለሰ ያ የድሮው መቀስቀስ እዚህ ጋ ይመጣል። ኦፕሬሽኑ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያለ ዕጢ ለማውጣት ከሆነ ዲ-ዌቭን፣ ማለትም ከህብለ ሰረሰሩ ላይ በቀጥታ የሚቀዳውን ሲግናል፣ እዩ። የጡንቻው መልስ ጠፍቶ ዲ-ዌቭ ከግማሽ በላይ ከቆየ ድካሙ ብዙ ጊዜ አላፊ ነው።

የአንጎል ዕጢ ሲወጣ ነገሩ ይለያል። ከራስ ቆዳ በከፍተኛ ቮልት ከመታችሁ ጅረቱ ከዕጢው በታች ወደ ጥልቅ ይዘልቃል፣ ከላይ ያለው መንገድ ተጎድቶ እንኳ እጁ ይመልስላችኋል። በሐሰት ትጽናናላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ አንጎሉ ላይ ተነጥፎ በትንሽ ሚሊ አምፒር ይመታ። እዚህ ግማሽ መቀነስ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ዕጢው ሥር በኤሌክትሪክ መፈተሻ ዘንግ ሲነካካ ደግሞ 1 ሚሊ አምፒር ለ1 ሚሊ ሜትር ርቀት የሚባል ግምት አለ። በ5 ሚሊ አምፒር ጡንቻው ካንቀጠቀጠ የእንቅስቃሴው የነርቭ መንገድ ጋ ለመድረስ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀርቷል። በመሀል የሚጥል ነገር ከተነሳ ምቱን አቁሙ፣ ሐኪሙ አንጎሉ ላይ ቀዝቃዛ ሴላይን ያፍስስ።

ቆዳ ተሰፍቶ ሳያልቅ መርፌ አትንቀሉ። ሲነቃ አልጋው ሥር ቆማችሁ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ጠይቁት፣ ያያችሁትንም ከመጨረሻው ሲግናል አጠገብ ጻፉ።